ሠላሳ ስምንት ጊዜ በጣም ጥሩ

ሰፈሩ «እማማ ተጠንቀቁ» ብሎ የሰየማቸው በክፋት አልነበረም። ሰው ሲሰናበቱ «ደህና ዋል» ማለት አይቀናቸውም፤ «ተጠንቀቅ» ነው የሚሉት። ዳቦ ሊገዛ ለወጣው ተጠንቀቅ፣ ሊተኛ ለሄደውም ተጠንቀቅ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው አንድ ቀን፣ «እማማ፣ አሁን እኮ ወደ አልጋዬ ነኝ፤ ከምኑ ልጠንቀቅ?» ቢላቸው፣ «ከአልጋም የወደቀ አለ» ብለው በራቸውን ዘጉ።

በዕድሜያቸው ሦስት መንግሥት ሲሄድ አይተዋል። ያሁኑ አራተኛው ነው፤ ከገባ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማሩ ጋዜጣ ያነባሉ፣ ራዲዮኑም ከራስጌያቸው አይለይም፤ ግን ከጋዜጣውም ከራዲዮኑም በላይ ያስተማራቸው ሌላ ነው። በሁለተኛው መንግሥት ጊዜ በድርቅ የሞተ ከብት ቆጥሮ እንዲጽፍ የታዘዘ አንድ ጸሐፊ፣ ቁጥሩ በዛ ተብሎ ሁለት ዓመት ታሰረ። ከብቶቹን የገደላቸው እሱ ይመስል። ያ ጸሐፊ የእማማ ባል ነበር። ከወጣ በኋላ የሱቅ ደረሰኝ እንኳ አልፈርምም እንዳለ ሞተ።

እንግዲህ በዓለም ላይ ስንት ሥራ እያለ የልጅ ልጃቸው ዞራ ዞራ መጠየቅና መጻፍ መያዟን እማማ «የፈሩት ይደርሳል» ከሚለው ተረት ለይተው አላዩትም። ልጅቷ በአራት ዓመቷ ነው እጃቸው ላይ የወደቀችው፤ «እማዬ» ትላቸዋለች። አሁን ሃያ ስድስት ሞልቷታል፤ መሀል ከተማ ባለ የጥናት ቢሮ ውስጥ መረጃ ሰብሳቢ ናት። ቢሮው የአዲሱን መንግሥት የመጀመሪያ ዓመት ይመዝናል፦ ኑሮው ተሻለ ወይስ ከፋ፣ ሥራ ተገኘ ወይስ ጠፋ፣ ከጎረቤት አገር ጋር የወረደው እርቅ ለሰው ምን አመጣለት። ይህን የሚያውቀው ቤት ለቤት እየጠየቀ ነው። ቅጹ አርባ ጥያቄ አለው። በእያንዳንዱ ትይዩ ከ«በጣም ጥሩ» እስከ «በጣም መጥፎ» አምስት ሳጥን ተደርድሯል፤ ጥግ ላይ «አላውቅም» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ግርጌው ላይ «አስተያየት» የሚል ባዶ መስመር አለ።

ጠያቂ በገዛ ሰፈሩ አይጠይቅም፤ የቢሮው ደንብ ነው። ለእነ እማማ ሰፈር የተመደበችው ሴት ግን ሳይታሰብ ቀኗ ደረሰና ወለደች። ጊዜው አጠረ። የክፍሉ ኃላፊ ልጅቷን ኮሪደር ላይ አገኛትና፣ «ያ ያንቺ ሰፈር አይደል? ለዚህ አንድ ጊዜ ጨርሺልኝ» አላት። በጽሑፍ ሳይሆን በአፉ።

ልጅቷ ይህንን እራት ላይ ለአያቷ ነገረቻቸው። በዕጣ የወጡ ሠላሳ ስምንት ቤቶች አሉ፤ ከነገ ወዲያ ትጀምራለች። የሥራ ውሏ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ የሚታደሰውም ይኸው ሥራ ታይቶ ነው። ይህን ብላ ገላዋን ልትታጠብ ገባች። የቤቶቹ ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

እማማ መነጽራቸውን አደረጉ።

በማግስቱ ልጅቷ ሥራ እንደገባች ዱላቸውን ይዘው ወጡ። መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ጋ ገቡ፤ እሱ መኪናው ላይ አጎንብሶ የሱሪ ዚፕ ይቀይራል።

«ነገ ልጄ ወረቀት ይዛ ትመጣለች» አሉት። «ስለ መንግሥት ትጠይቅሃለች። ለሁሉም ‹በጣም ጥሩ› በላት።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም። ክፉ ቃል በልጄ እጅ እንዳታስይዛት። ክፉ ወሬ ይዞ የገባን ሰው ማን ይወደዋል? ውሏን የሚያድሱላት እነሱ ናቸው።»

«እማማ፣ ባለፈው ሳምንት ዘይት ጨመረ ብለው መንግሥትን ከነዘር ማንዘሩ የረገሙት ማን ነበር?»

«እሱ እዚሁ ነው። ይሄ ወረቀት ላይ ነው።»

ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «በቃ፣ ያገባሁት ዕለት እንኳን እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም እላታለሁ።»

ሌላው ሁሉ እንዲሁ እሺ አለ። ልጅቷን ተሸክመው ያሳደጉት፣ ደብዳቤ ያስነበቧት፣ ስልካቸውን ያሠሯት ሰዎች ናቸው። እምቢ ለማለት የዳዳው ጡረተኛው የከባድ መኪና ሾፌር ብቻ ነበር። ከእማማ ጋር እኩያ ስለሆነ አንቺ ይላቸዋል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ጠየቀኝ ብዬ ደስ ሲለኝ መልሱን ደግሞ ይዘሽልኝ መጣሽ?»

«ለልጅቷ ብለህ።»

«ለልጅቷማ እላለሁ። እንደታዘዝኩ መፈጸሜን ግን እነግራታለሁ።»

«እንዳታደርገው!»

ሾፌሩ ሳቀ። እማማም ሳቁን እንደ እሺታ ቆጥረው ወደሚቀጥለው በር አለፉ።

በነጋታው ልጅቷ ከቤታቸው ጀመረች፤ ቤታቸውም ዕጣ ደርሶታል። ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ልጅቷ ፊቷን የቢሮ ፊት አደረገች።

«ዕድሜ?»

«ምነው፣ አታውቂውም እንዴ?»

«እማዬ፣ የማውቀውን አይደለም የምጽፈው፤ የተባልኩትን ነው። ደንቡ ነው።»

«ሰባ ሦስት።»

«ባለፈው ዓመት የምግብ ዋጋ ለቤተሰብሽ እንዴት ነበር?»

«በጣም ጥሩ።»

ልጅቷ እርሳሷን አንስታ አየቻቸው። አያቷ ዓይናቸውን በጨው አጥበው መልሰው አዩዋት። ልጅቷ ሳጥኑ ላይ ምልክት አደረገች።

ሠላሳ ሦስተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «መንግሥት ከጎረቤት አገር ጋር የፈረመውን የሰማያዊ ድልድይ ስምምነት እንዴት ያዩታል?» ልጅቷ ስታነበው ትንሽ አፈረች፤ ስለ ስምምነቱ ሰምታ አታውቅም፣ ጠያቂ ሆና አለማወቋ ከነከናት። እማማም አልሰሙም። ራዲዮኑ ሲያወራ እንቅልፍ ወስዷቸው ይሆናል።

«በጣም ጥሩ» አሉ።

በሦስት ቀን ውስጥ ልጅቷ ሠላሳ ስምንቱንም ቤት ጨረሰች። መልሱ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑ አልጠፋትም። ግን ደንቡ የተባለውን ጻፍ ይላል፤ ጻፈች። ከሣጥኑ ውጪ የተባለውንም «አስተያየት» የሚለው መስመር ላይ አሰፈረች፤ ለማንም ይጠቅማል ብላ ሳይሆን ባዶ መስመር ስለማትወድ ነው። ልብስ ሰፊውማ ስለ ሰማያዊው ድልድይ ተጠይቆ፣ «ሪባኑ ሲቆረጥ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ፤ መቀሱ ራሱ ያምራል» አለ። እሱንም ጻፈችው።

ከአሥር ቀን በኋላ፣ ሰኞ፣ ልጅቷ ገና በቀትር ተመልሳ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እማማ በመጀመሪያ ግንባሯን ዳሰሱ።

«አላመመኝም።»

«ምሳ በላሽ?»

«እማዬ፣ የሰማያዊ ድልድይ ስምምነት የሚባል ነገር የለም።»

እማማ እጃቸውን ከግንባሯ ላይ አነሱ።

ልጅቷ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ቢሮው በየቅጹ አንድ የውሸት ጥያቄ ይሰውራል፤ የትኛው እንደሆነ ጠያቂዎቹም አያውቁም። ሰው የማያውቀውን አውቃለሁ የሚለው ምን ያህል እንደሆነ መለኪያ ነው። በሌሎች ሰፈሮች ከአሥሩ ሰባቱ ስለ ድልድዩ «አላውቅም» ብሏል። በእሷ ወረቀቶች ላይ ግን ሠላሳ ስምንቱም ሰው «በጣም ጥሩ» ነው ያለው። ሌላውም ሠላሳ ዘጠኝ ጥያቄ እንደዚያው ነው።

«ቤት ቁጭ ብዬ የሞላሁት ነው የሚመስለው» አለች። «ኃላፊው ራሱ እንዲህ ነው ያለኝ። ሐሙስ ሌላ ጠያቂ ይላካል፤ አሥር ቤት እንደገና ይጠየቃል። መልሱ ከእኔ ጋር ከገጠመ፣ ጠይቄያለሁ ማለት ነው። ካልገጠመ ውሌ አይታደስም። ሐሰተኛ መረጃ የሚል ደብዳቤ ደግሞ ይጻፍብኛል፤ ከዚያ በኋላ ማን ይቀጥረኛል?»

እማማ ያን ጊዜ ቢናገሩ ደግ ነበር። «ሻይ ላፍላልሽ» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ፤ ገብተውም ውሃውን እሳት ሳያቀጣጥሉ ጣዱት።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ጋ ሲደርሱ ነገሩን ከነሥሩ ነገሩት። እሱ መጀመሪያ የገባው ሌላ ነው።

«ድልድዩ የለም? ታዲያ እኔ ያየሁት የማን ሪባን ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ነድጃለሁ!»

«ቆይ እማማ፣ ምን አስጨነቀዎት? ሐሙስ የሚመጣው ሰው መልሱ ከገጠመ ልጅቷ ነጻ ነች አላሉም? በጣም ጥሩ ማለት እንደሆነ ማንም አይረሳውም። ያንኑ ደግመን እንላለና!»

እማማ ቀና አሉ። ይህ ወደ ልባቸው አልመጣም ነበር። ሰፈሩ አንድ ጊዜ የዋሸውን አንድ ጊዜ ቢደግመው፣ ልጅቷ እንደ ጠየቀች ትቆጠራለች፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። መንገዱ ቀላል ነው፤ ሠላሳ ሰባት በር ነው ያለው፣ የሚያውቁት በር።

ይህን እያሰቡ ሳለ ሾፌሩ ሱሪውን ሊወስድ ገባ። ነገሩን ሰማ፤ ሱሪውን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ያዘ።

«እኔ አልደግምም» አለ።

«ለምን?» አሉ እማማ።

«ሬድዮኑን አልሰማሽም እንዴ? መንግሥት በርካሽ ዘይትና ዱቄት የሚሸጥ ሱቅ ይከፍታል፤ ስድስት ሰፈር ላይ ብቻ። የት የት እንደሚከፍት የሚያየው ከዚህ ጥናት ነው። እኛ ስንት ጊዜ ነው ጠግበናል ያልነው? አርባ ጊዜ! ወረቀቱን ያየ ሰው ለእኛ ሱቅ አይከፍትም፤ ከእኛ ሊበደር ነው የሚመጣው።»

ልብስ ሰፊው መርፌውን አቆመ። ስድስት ልጆች አሉት።

«እውነቱን ብትናገሩ ግን» አሉ እማማ፣ «ልጄ ዋሸች ይባላል።»

«እሱ እውነት ነው» አለ ሾፌሩ። «እሱን ያመጣሽው አንቺ ነሽ፤ እንዴት እንደሚመለስም አንቺ ታውቂያለሽ።»

እማማ ዱላቸውን አነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ልብስ ሰፊው፣ «ተጠንቀቁ» አላቸው፤ እንደ ቀልድ አላለውም።

ረቡዕ ጠዋት ልጅቷ ከወጣች ከአንድ ሰዓት በኋላ እማማም በሌላ አውቶቡስ ተከተሉ። የቢሮው ደረጃ ሦስት ፎቅ ነው። በየፎቁ እየቆሙ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ኮሪደሩ ግራና ቀኝ በካርቶን ታጥሯል፤ በየካርቶኑ ላይ የሰፈር ስም በወፍራም እስክሪብቶ ተጽፏል። ሰው ሁሉ የተናገረው ነገር እንዲህ በካርቶን ታጭቆ ግድግዳ ሥር ሲቆም አይተው አያውቁም። አንዱ ካርቶን ታችኛው ጥጉ ውሃ ነክቶታል። ማን ይሆን የዚያ ሰፈር ሰው፣ አሉ በሆዳቸው፤ የተናገሩት ሁሉ ሊበሰብስባቸው እኮ ነው።

ኃላፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠረጴዛው ላይ መነጽሩን የሚፈልግ ቀጭን ሰው ነው።

«እናቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«እርስዎን። ያን ሠላሳ ስምንት ቤት ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ሰውዬው እጁ ግንባሩን ሲነካ መነጽሩን አገኘው። «ቁጭ ይበሉ» አለ።

ተቀመጡና ተናገሩ። ዝርዝሩን እንዴት እንዳዩ፣ በር በር እየሄዱ ምን እንዳሉ፣ ልጅቷ አንድም ነገር እንደማታውቅ። ኃላፊው እስኪጨርሱ አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«እሺ እናቴ። አሁን እኔ ይህን እንዴት ልመን? ለልጅ ልጅዎ ብለው ሰፈሩን በሙሉ ያስዋሹ ሰው ነዎት። ዛሬም ለእሷ ብለው እንዳልመጡ በምን አውቃለሁ?»

«ለእሷ ብዬ ነው እንጂ የመጣሁት» አሉ እማማ። «ታዲያ ለማን ብዬ ሦስት ፎቅ እወጣለሁ?»

ኃላፊው ሊስቅ ቃጣውና ተወው። «ይኸውልዎት። ማስረጃ የለም ማለት ነው።»

እማማ ማስረጃ ሲባል ሰው የሚታሰርበት ነገር እንጂ የሚፈታበት አይመስላቸውም ነበር። የዱላቸውን እጀታ አዩ። ከዚያ ሾፌሩ ትዝ አላቸው።

«አንድ ሰው ብቻ ሳቀብኝ» አሉ። «ሾፌር ነው። እላታለሁ፣ ግን እንደታዘዝኩ መፈጸሜን እነግራታለሁ አለኝ። ነግሯት ከሆነ እንጃ።»

ኃላፊው ተነሥቶ ኮሪደር ወጣ፤ አንድ ካርቶን ታቅፎ ተመለሰ። ኮምፒውተር ላይ የሚገባው የሳጥኖቹ ቁጥር ብቻ ነው። አስተያየት የሚለውን መስመር ቢሮው ከተቋቋመ ጀምሮ ያነበበው ሰው የለም፤ መስመሩ ቅጹ ላይ የቀረው ያወጣው ሰው ስለሌለ ነው። ኃላፊው ቅጾቹን አንድ በአንድ ገለበጠ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ቆመ። ጮክ ብሎ አነበበ፦

«‹መላሹ ጥያቄው ሲያልቅ፣ ትእዛዙ ተፈጽሟል፣ አሁን ሻይ ጠጪ፣ ብለው ሳቁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።›»

«እሱ ነው!» አሉ እማማ። «ሻይ ሳያጠጣ ሰው አይሸኝም።»

ኃላፊው ማንበቡን ቀጠለ። «‹መላሿ ጥያቄ አሥራ ሁለትን አንብቤ ሳልጨርስ መለሱ።› ‹መላሹ በጣም ጥሩ ካሉ በኋላ፣ ተባረኪ ልጄ፣ ሥራሽን ይባርክልሽ አሉ።› ‹መላሹ የመቀሱን ማማር ጠቅሰዋል።› የምን መቀስ?»

«እሱን ይተውት።»

እንዲህ ያለ መስመር አሥራ አራት ቅጽ ላይ ተገኘ። ኃላፊው ሁሉንም አነበበ። ቤት ቁጭ ብሎ የሚፈጥር ሰው፣ ያልገባውን ነገር ፈጥሮ አይጽፍም። ስልኩን አነሳና ልጅቷን አስጠራ።

ልጅቷ ገብታ አያቷን ወንበር ላይ ስታይ በሩን እንደያዘች ቀረች።

«እማዬ? ማን ምን ሆነ?»

«ማንም ምንም አልሆነም። ተቀመጪ።»

ኃላፊው በአጭሩ ነገራት። ልጅቷ አልተቀመጠችም። ወደ አያቷ ዞረች።

«ሠላሳ ስምንቱንም ቤት ዞርሽ?»

«ሠላሳ ሰባቱን። አንዱ የኛ ነው።»

ኃላፊው ነገሩ በቃል ብቻ እንደማይበቃ፣ በጽሑፍ ሰፍሮ መፈረም እንዳለበት ተናገረ። ንጹህ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እማማ ገፋ። ያን ጊዜ ነው ክፍሉ የጠበባቸው። ባላቸው የፈረመው ወረቀት እንዲህ ያለ ነጭ እንደነበር አያውቁም፤ ግን ነጭ መስሎ ታያቸው።

«ይሄ ወረቀት የት ነው የሚቀመጠው?»

«ፋይል ውስጥ።»

«ማን ያየዋል?»

ሰውዬው ማንም አያየውም ለማለት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ሐሳቡን ለወጠ። «እሱን አላውቅም፣ እናቴ። እኔ ሁልጊዜ እዚህ አልኖርም። ግን ይሄኛው መንግሥት እንደዚያኛው አይደለም።»

«ልጄ፣ ያኛውም ሲመጣ እንዲህ ነበር የተባልነው።»

«እማዬ፣ ካልፈለግሽ አትጻፊ» አለች ልጅቷ።

እማማ እስክሪብቶውን አነሱ። የስድስተኛ ክፍል ጽሕፈታቸው ትልልቅና ቀጥ ያለ ነው። ምን እንዳደረጉና ለምን እንዳደረጉ ጻፉ፤ ልጅቷ አለማወቋን ሁለት ጊዜ ጻፉት፤ ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው አሰፈሩ። ፈረሙ። ከዚያ ወረቀቱን እንደያዙ ትንሽ ቆዩ፤ ኃላፊው ቀስ አድርጎ ከእጃቸው ወሰደው።

«ኮሪደር ላይ በአፌ ነበር የፈቀድኩልሽ» አለ ለልጅቷ፣ ወረቀቱን እያየ። «እሱንም እኔ እጽፋለሁ።» ከዚያ ወደ እማማ ዞረ። «የነገው ጥየቃ አይቀርም። አደራዎን፣ ከአሁን እስከ ነገ ማታ ለጎረቤት አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ። ደህና ዋሉም ቢሆን።»

ወደ ቤት የተመለሱት አብረው ነው። በአውቶቡስ ልጅቷ መስኮት በኩል ተቀምጣ ውጪውን ታያለች። ግማሽ መንገድ ሲደርሱ፣ «በኔ እምነት አልነበረሽም ማለት ነው» አለች።

«በአንቺማ ነበረኝ። በወረቀቱ ነው ያልነበረኝ።»

«ወረቀቱ እኮ እኔ ነኝ፣ እማዬ። ሥራዬ ነው።»

እማማ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር የፊት ለፊቱን ብረት አጥብቀው ይይዛሉ፤ አንድ እጃቸውን ደግሞ እንደ ሕፃንነቷ ጊዜ በልጅቷ ፊት ይዘረጋሉ። ልጅቷ አልገፋችውም።

ሐሙስ ዕለት እማማ በራቸውን ዘግተው ዋሉ። ልብስ ሰፊው በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ታዲያ ምን ተባለ? ምን እንበል?» ሲላቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው መጋረጃውን ሳቡበት። ይህን ያህል ዝም ብለው አያውቁም። ዝም ማለት እንዲህ እንደሚያደክም አላወቁም ነበር።

ከሰዓት በኋላ አዲሷ ጠያቂ መጣች፤ ጠና ያለች፣ እግሯ ያበጠ፣ የተቀመጠችበትን ወንበር የምታመሰግን ሴት። ከአሥሩ ቤት አንዱ የእነሱ ነው።

«የምግብ ዋጋስ?»

እማማ ተነፈሱ። «ዱቄት ቀንሷል፤ እውነት ለመናገር ቀንሷል። ዘይት ግን ጨምሯል። ዳቦው ዋጋው ያው ነው፣ ግን አንሷል፤ በፊት አንዱ ለሁለታችን ይበቃን ነበር። የአውቶቡሱ ጥሩ ነው። መብራት ብዙም አይጠፋም፤ ሲጠፋ ግን እንደ ድሮው የሚጮህበት ሰው የለም...»

«እማማ፣ አንዱን ሳጥን ይምረጡልኝ።»

«የቱ ሳጥን ውስጥ ይገባል ይሄ?»

ሴትየዋ ሳጥኖቹን አየች። «መካከለኛ?» ብላ ጠየቀች።

«ይሁን።»

«ከጎረቤት አገር ጋር ድንበሩ መከፈቱስ?»

እማማ ለዚህ ብዙ አሰቡ። ወንድማቸው ድንበሩ ማዶ ቀርቶ ዘጠኝ ዓመት ሳያዩት ኖረዋል። ከአምስት ወር በፊት መጥቶ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጥርሱ ሁሉ አልቋል። የሾፌሩም ልጅ በድንበሩ እየተመላለሰ ሥራ አገኘ። ግን በዚያው መንገድ የአገሩ ሽንኩርት እየተጫነ ይሄዳል።

«ድንበሩ ሲከፈት ወንድሜ ገባ፣ ሽንኩርቱ ወጣ» አሉ። «በሽንኩርቱ ብመዝነው መጥፎ ነው። ግን እንዴት ብዬ ወንድሜን በሽንኩርት እመዝናለሁ? ጥሩ በይልኝ። ‹በጣም› የሚለውን ተይው።»

ሌላ ሰው ሃያ ደቂቃ የሚፈጅበት ቅጽ እማማ ዘንድ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ስድስት ጊዜ «አላውቅም» አሉ። መጀመሪያ ሲሉት አፍረው ነበር፤ በኋላ ግን ትንሿን ሳጥን ወደዷት፤ ማንንም አታስቀይምም፣ ውሸትም አይደለች። አዲሷ ጠያቂ ስትነሣ፣ «ተጠንቀቂ፣ ደረጃው ያንሸራትታል» አሏት። ከሰዓት በኋላ የተናገሩት ሁሉ መልስ ነበር፤ ይህ ግን የራሳቸው ነው።

የአሥሩ ቤት መልስ ከመጀመሪያው ጋር አልገጠመም፤ በአንዱም አልገጠመም። ሾፌሩ ድንበሩን አመስግኖ ግብሩን ኮነነ፤ ልብስ ሰፊው ደግሞ ያ ሁሉ አፍ እያለው፣ ሴትየዋ ስለ ድልድዩ ስትጠይቀው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ እንደማያውቅ ራሱን ነቀነቀ። ሠላሳ ስምንቱ ቅጽ ተሰረዘ፤ ሰፈሩ በአሥሩ ተለካ። በአሥሩ ሲለካ መሀል ላይ ዋለ፦ ያላለፈለት፣ ግን ያልከፋበት። የርካሽ ዘይት ሱቅ የሚከፈተው ለከፋባቸው ነውና በመጀመሪያው ዙር አልደረሳቸውም። ሠላሳ ስምንቱ ቢጠየቅ ይደርሳቸው እንደነበር ወይም እንዳልነበር የሚያውቅ የለም። ልብስ ሰፊው ለጥቂት ቀን እማማን ሰላም የሚላቸው በአንገቱ ብቻ ሆነ።

ሰኞ ልጅቷ በሰዓቷ ገባች። ጫማዋን አወለቀች፣ ቦርሳዋን ሰቀለች፣ ከቦርሳው ሁለት ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እማማ ምጣድ ላይ ያለውን ድንች ሳያወርዱ መጡ።

የመጀመሪያው የሥራ ውል ነው። ለስድስት ወር ታድሷል፤ ያውም ከሌሎች ጠያቂዎች ጋር ሳይሆን አስተያየት የሚለውን መስመር አንብባ እንድታጠናቅር ነው የተመደበችው። ኃላፊው ያንን ካርቶን ካነበበ በኋላ የሌሎቹንም ማንበብ ጀምሯል፤ ብቻውን አልቻለውም።

እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ተመስገን። ሁለተኛውስ?»

«ማስጠንቀቂያ ነው። በገዛ ሰፈሬ በመሥራቴና መልሱ አንድ ዓይነት ሲሆን ባለማሳወቄ። ኃላፊውም የራሱ ደርሶታል።»

እማማ ማስጠንቀቂያውን አንስተው መስኮቱ ጋ ወሰዱት። ጥርት ባለ ብርሃን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ማህተሙን በጣታቸው ነኩት።

«ይሄ ከፋይልሽ የሚወጣው መቼ ነው?»

«አይወጣም።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ሁልጊዜ፣ እማዬ። ምንም አይደለም። የብዙ ሰው ፋይል ውስጥ አለ።»

«የሌላ መንግሥት ሰው መጥቶ ፋይሉን ቢከፍተውስ? ‹በገዛ ሰፈሯ› የሚለውን ብቻ አንብቦ ሌላውን ቢተወውስ?» ማስጠንቀቂያውን አጥፈው በኪሳቸው ሊከቱት ጀመሩ፤ መልሰው ዘረጉት። «ያ ሰውዬ ክፉ ሰው አይመስልም። ነገ ጠዋት ብሄድና ቁጭ ብዬ ባስረዳው...»

እግራቸው መስኮቱ አጠገብ ካለው አልጋ ሥር ጫማቸውን እየፈለገ ነበር። አንዱን አግኝቶታል።

«እማዬ!»

ልጅቷ አልጮኸችም። ቆማ ታያቸዋለች፤ ጓዳ ድንቹ ማረር ጀምሯል። እማማ በአንድ እግራቸው ጫማ እንዳደረጉ ቆዩ። ከዚያ ጫማውን በሌላኛው እግራቸው ተረከዝ ገፍተው አወለቁት። ማስጠንቀቂያውን ለልጅቷ መለሱላት።

«እሺ» አሉ፤ ቃሉን እንዲህ ለብቻው ብለውት አያውቁምና ቀጥሎ ምን እንደሚባል ጠፋቸው። ድንቹን ሊያወርዱ ሄዱ።